ዛፎችሽን ቆረጡ ብዬ የሰደብኳቸው ጎረቤቶቻችን

ሰዓድዬ፣

ከተለያየን ዓመት ሞላን። እንደምን ነሽ ብዬ መጀመር አልችልም፤ አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ፣ ኑር ያድርግልሽ ብዬ ልጀምር። ባለፈው ነሐሴ ጦርነቱ ወደ ከተማዋ ሲቃረብ ለይላን ደግፌ ሚኒባሱ ውስጥ ሳስገባ አንቺ ደረጃው አፍ ላይ ቆመሽ ነበር። ልጃችን ለመውለድ ቀናት ቀርተዋታል፤ እናትሽ ደግሞ ከአልጋ አይወርዱም። አንዳችን ከልጅ፣ አንዳችን ከእናት መሆን ነበረብን። እናቴን የሚሸከምልኝ ሰው ላግኝ እንጂ ሳምንት ሳይሞላ እከተላችኋለሁ አልሽኝ። ደሴ ሳንደርስ ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም።

ይህን ደብዳቤ ቀደም ብዬ ልጽፍልሽ ይገባኝ ነበር። ያዘገየኝ ሐዘን ብቻ ቢሆን በወደድኩ። ያዘገየኝ እፍረት ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ለይላ አዲስ አበባ ላይ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ናት። ስሟን አንቺ ደርሰሽ ታወጫለሽ ብለን ጥቂት ጠበቅንሽ፤ መንገዱ እንደተዘጋ ሲቀር ፊርደውስ አልናት። ግንባሯ ያንቺ ነው። እናትሽ ደህና ናቸው፤ አሁንም መስኮቱ ሥር ይተኛሉ። ገንፏቸውን የማገነፋላቸው እኔ ነኝ። ጓጎለ ብለው በየቀኑ ባያማርሩ ኖሮ ባለሙያ ሆኛለሁ እል ነበር። መብራቱ ተመልሷል፤ ውኃው እንደ ድሮው በፈረቃ ነው። ግቢያችን ግን አንቺ የተውሽው ግቢ አይደለም፤ የምጽፍልሽም ስለ እሱ ነው።

ዕጣ ደርሶን ኮንዶሚኒየሙ ስንገባ ግቢ ብለው ያስረከቡን የጡብ ስብርባሪ፣ የደረቀ ሲሚንቶና የዛገ ሚስማር ነበር። አንቺ ከመርሳ፣ ከአባትሽ የማንጎ ጥላ ሥር የመጣሽ ሴት፣ ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ሆነሽ ቁልቁል አየሽውና አኮረፍሽ። ኩርፊያው ሲያልፍልሽ ዶማ ተውሰሽ ወረድሽ። ቤት የደረሰን ልንኖርበት ነው ወይስ ልናርስበት ብዬ የሳቅኩት እኔ ነኝ። የብሎካችን ሰውም ሳቀ። አንቺ ከወንዝ ዳር አፈር በጆንያ እያስሞላሽ በባጃጅ አስመጣሽ፤ ባጃጁ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ልጆች ከኋላ ይገፉት ነበር። ችግኙን ሲሪንቃ ድረስ ሄደሽ ለምነሽ አመጣሽ፤ ዋንዛ፣ ግራቪሊያ፣ ወይራ።

ለሰው የሚጠጣ ውኃ በማይበቃበት ግቢ ዛፍ ምን ይጠጣል ብለው ሲያሾፉብሽ መልስሽ አጭር ነበር። ሳሙና የበዛበት የመጀመሪያው እጣቢ ወደ ፍሳሹ ይሂድ፤ የማለቅለቂያው ግን አይደፋ አልሽ። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ዛፍ ሰጠሽ። ልብስ ያጠበ ሁሉ ባልዲውን አንጠልጥሎ ይወርድና የራሱን ዛፍ ያጠጣል። የሐዘን መረዳጃችን የቅሬው ዳኛ ጋሽ አራጋው፣ ባለቤታቸው ልብስ ባላጠቡበት ሳምንት ወይራቸው እንዳይጠማ ብለው ንጹሕ ሸሚዛቸውን ሲያጥቡ የያዝሻቸው ቀን ትዝ ይልሻል? ግቢው በሳቅ ሞተ። ዓመታት ሄዱና ጥላ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ሲግል ቤት ውስጥ የሚቀር ሰው ጠፋ። የቅሬው ስብሰባ ከጋራ መጠቀሚያው ከኮሚናሉ ቆርቆሮ ሥር ወጥቶ ዋንዛሽ ሥር ሆነ። ከሌላ ሰፈር ሳይቀር ሕፃን የታቀፉ ሴቶች ለጥላው ይመጡ ነበር።

ከተማዋ በታኅሣሥ ስትለቀቅ ለይላን ከነልጇ ትቼ ባገኘሁት መኪና መጣሁ። በሩን አልፌ ስገባ ያየሁት ጉቶ ነው። ዋንዛው፣ ግራቪሊያው፣ ወይራው፣ ሁሉም ከጉልበት በታች ተቆርጠዋል። ሮጬ ወጣሁ፤ ቤታችን ተቆልፏል። ተመልሼ ወርጄ ሰዓዳስ ስል፣ ምድር ቤት ዳቦ እየጋገረች የምትሸጠው አለሚቱ፣ እናቷን ይዛ መርሳ ወርዳለች፣ ነገ ይላክባታል፣ አሁን ይቀመጡ ጋሼ፣ እግርዎን ይታጠቡ አለችኝ። ዓይኗን አላሳየችኝም።

ያን ጊዜ የገባኝ ሌላ ነው። ዛፎችሽን ሲቆርጡብሽ ማየት አቅቶሽ፣ ተቀይመሽ የሄድሽ መሰለኝ። ግቢው መሐል ቆሜ ጮኽሁ። አለሚቱን ልጆቿ ፊት፣ ለዳቦሽ ማገዶ አገኘሽ አይደል፣ ሰዓዳ ታሳድግ አንቺ ጋግሪበት አልኳት። ጋሽ አራጋውን፣ በዕድሜ የሚበልጡኝን ሰው፣ ዳኛ ተብለው ከሌባ ጋር ተካፈሉ አልኳቸው። ቤታቸው በር አልነበረውም፤ በበሩ ፋንታ ብርድ ልብስ ተጋርዷል። አይቼዋለሁ፤ ተዘርፈው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ማንም አልመለሰልኝም። ጋሽ አራጋው መሬት መሬቱን እያዩ፣ ደክሞሃል እንድሪስ፣ ግባና አረፍ በል ብቻ አሉኝ። ዝምታቸውን እንደ ጥፋተኛ የእምነት ቃል ቆጠርኩት። እንዲያውም ባሰብኝ፤ ሰዓዳ ትምጣ፣ ፊቷን እንዴት እንደምታዩ አያለሁ አልኩ። ይህን ስል አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ወደ ደረጃው ሮጠች። እሱም አልገባኝም።

አንቺ ታውቂዋለሽ፤ በአገራችን መርዶ ደጅ ላይ አይነገርም። ከመንገድ የመጣ ሰው ያርፋል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ ሲነጋጋ የቅሬው ሰው ተሰብስቦ ይነግረዋል። ያን ሥርዓት ይዘው ነው ስድቤን ሁሉ ቆመው የተቀበሉት። አንዳቸው አፍ አውጥተው ለእሷ ስንል ነው ቢሉኝ ጸጥ እል ነበር፤ መልሱ ግን ራሱ መርዶው ነው። ያለ ሰዓቱ ላለማርዳት ሌባ መባልን መረጡ። አለሚቱ የቤታችንን ቁልፍ ሰጥታኝ እራት አመጣችልኝ። በላሁ። አላመሰገንኳትም።

ሲነጋ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ አራጋው ከፊት ቆመዋል፤ የቅሬው ሰው ከኋላቸው ደረጃውን ሞልቶታል። ስንት ሰው እንደሆነ ሳይ ገና ምንም ሳይሉኝ አወቅኩ።

የቀረውን የነገሩኝ እናትሽ ናቸው፣ ሐዘንተኛው ሲቀልል። በጥቅምት የስኳር መድኃኒትሽ አለቀ፤ ጎረቤቶቻችን ከተማውን ቤት ለቤት ቢጠይቁልሽም የሚገኝ ጠፋ። መብራት በጠፋባቸው ወራት ሰው መጀመሪያ ከሰሉን፣ ከዚያ ሳጥኑን፣ ከዚያ አልጋውን አነደደ። ጋሽ አራጋው በራቸውን ፈልጠው አነደዱ። ያንቺን ዛፎች ግን ማንም አልነካም። እጣቢ እንኳ ባልነበረበት ጊዜ አንቺ የፊት መታጠቢያሽን ውኃ ይዘሽ ትወርጂ ነበር አሉኝ።

ከዚያ አንቺ ሞትሽ። በቅሬያችን ሐዘን የገባበት ቤት ማገዶ አይገዛም፤ ከየቤቱ አንድ አንድ እንጨት ይመጣል። ባዶ እጅ መምጣት ነውር ነው። ያን ቀን ግን እንጨት የቀረው ቤት አልነበረም፤ ወደ ገበያም መውጫ የለም። ገላሽ የሚታጠብበት ውኃ መሞቅ ነበረበት። ሰው ሁሉ ደጅሽ ላይ ባዶ እጁን ቆመ። ያኔ ጋሽ አራጋው፣ ያጠጣነው ዛፍ የየቤታችን እንጨት ነው፣ የሰጠችንም እሷ ናት፣ በእሷ ቀን ባዶ እጃችንን አንመጣም አሉ። እያንዳንዱ ቤት ወርዶ የራሱን ዛፍ ቆረጠ። ወይራውን ጋሽ አራጋው ራሳቸው ጣሉት። እርጥብ እንጨት ይጨሳል እንጂ አይነድም፤ ውኃሽን ያሞቀችው፣ ለተዝያ፣ ሊያስተዛዝን የመጣውን ሰው ንፍሮ ቀቅላ ያበላችው አለሚቱ ናት፣ ዓይኗ እስኪያብጥ። ለዳቦ የሚሆን ዱቄት ካየች ቆይታ ነበር። የዋንዛው ግንድ ተሰንጥቆ፣ አፈሩ እንዳይጫንሽ ቀብርሽ ላይ ተጋድሟል።

እኔ ግቢው መሐል ስጮኽ እናትሽ ከዚያ ብርድ ልብስ ጀርባ ነበሩ፤ ከሞትሽ ጀምሮ ያስታመሟቸው የጋሽ አራጋው ቤተሰቦች ናቸው። ነግረውኝ ሲያበቁ፣ ያልከውን ሁሉ ሰምቻለሁ እንድሪስ አሉኝ። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወራቱን እንደ ሌባ ነው የኖርኩት። ዳቦ ስፈልግ ገበያ ድረስ እሄዳለሁ እንጂ አለሚቱ ደጅ አልቆምም። ለጋሽ አራጋው በር አሠርቼ ሰጠኋቸው፤ እግዜር ይስጥልኝ አሉኝ፤ በሩ ግን ከአፌ የወጣውን ስድብ አልመለሰልኝም። እነሱ እንደ ድሮው ሰላም ይሉኛል። ሰላምታቸው ነው የሚያሳፍረኝ።

በሐምሌ የብሎኩ ሰው ስለ ግቢው ሊመክር ተሰበሰበ። ወጣቶቹ ጉቶው ተነቅሎ ኮብልስቶን ይነጠፍ፣ ባጃጆቻችንን እናቁምበት አሉ። ነገ ተመልሰን ለምንሰደድ ለማን እንተክላለን የሚል ነው ነገራቸው። ሌሎቹ ያለ ጥላ ይህ ቤት እቶን ነው አሉ። ክርክሩ ሲካረር ጋሽ አራጋው ወደ እኔ ዞረው፣ ቦታው የሰዓዳ ነው፣ የእንድሪስን ቃል እንስማ አሉ። ያን ሁሉ ከተናገርኩ በኋላ ደግሞ ቃሌን ጠየቁኝ።

ተነሳሁ። ስለ ዛፍ ከመናገሬ በፊት አፉ በሉኝ አልኩ። ለወራት ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር፤ ሌላው አልወጣም። አለሚቱ፣ አፉ ብለናል ጋሼ፣ ግን ጉድጓዱን ማን ሊቆፍረው ነው፣ ምላስዎ የበደለውን ክንድዎ ይካስ እንጂ አለች። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፣ ዓይኔን እየጠረግኩ። ጋሽ አራጋው ግን አልሳቁም። አፉ ብዬሃለሁ አሉ፣ አበቃ። እስከ ዛሬ እንደ ድሮው አይቀልዱብኝም። ይቅርታቸውን ሰጥተውኛል፤ ጨዋታቸውን አልሰጡኝም። መብታቸው ነው።

ከመግቢያው በኩል ለባጃጆቹ ትንሽ ቦታ ተከፈለ፤ የቀረው እንዲተከል ተስማማን። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ ከግንቡ ሥር አንድ ረድፍ ለቅሬው ይሁን፣ ሐዘን ሲመጣ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ይቁረጠው። ጉድጓዱን ቆፈርኩ። ድንጋዩ ድሮ አንቺ ያማረርሽው ድንጋይ ነው። ለየቤቱ አንድ ዛፍ እንደገና ደረሰው፤ ባልዲውም መውረድ ጀመረ።

አሁን ነሐሴ እያለቀ ነው፤ ቆቦ ላይ እንደገና ተኩስ ተከፍቷል። ሰው ዕቃውን እየጠቀለለ ነው። ለይላ በየቀኑ እየደወለች ውጣ ትለኛለች። እናትሽን ትቼ የምወጣበት እግር የለኝም፤ ጀግና ሆኜ አይደለም፣ ሁለተኛ ማፈር ፈርቼ ነው። ከቆቦ የሸሹ ሰዎች ኮሚናሉ ውስጥ ተጠልለዋል። አንዲት እናት ልጆቿንና አንዲት ፍየል ይዛ መጥታለች። ትናንት ከሰዓት ፍየሏ የጋሽ አራጋውን አዲሱን የወይራ ችግኝ ከነግንዱ በላችው። ሴትዮዋ አጠገቡ ቆማለች፤ አትናገርም፣ ፍየሏንም አትከለክልም። አለሚቱ ከደጇ እኔን ታያለች። ጋሽ አራጋው በራቸውን ገርበብ አድርገው እኔን ያያሉ።

አልዋሽሽም፤ ቃሉ ጥርሴ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። እኅቴ፣ ልጆቹ በልተዋል ወይ አልኳት። አልመለሰችልኝም። ለምን ዝም እንዳለች አልጠየቅኳትም። ፍየሏን ወስጄ ከግንቡ ማዶ አሰርኩላት፣ ለልጆቹም ከአለሚቱ ዳቦ ገዛሁ። ከሰደብኳት ቀን ወዲህ ደጇ ስቆም የመጀመሪያዬ ነው። ከልጆቹ አባት ጋር መንገድ ላይ መለያየታቸውን ማታ ከሌላ ሰው ሰማሁ።

ሰዓድዬ፣ አንቺን ለማስታወስ ቃል አያስፈልገኝም፤ ጠዋት እናትሽን ቀና ሳደርግ እጄ ያስታውስሻል። ቃል የምገባልሽ ግቢው መሐል ቆሜ የጮኽሁበትን ያን ቀን ላልረሳ ነው። ሰዎች ጊዜ አልፏል፣ ተወው ቢሉኝም አልተወውም። ዝም ያለ ሰው ባየሁ ቁጥር፣ አንቺን በልቡ ይዞ ስድቤን የተሸከመውን ያን ሁሉ ጎረቤት አስባለሁ። ነገ ለጋሽ አራጋው ሌላ ወይራ እተክላለሁ። እንደማይቀልዱብኝ አውቃለሁ፤ እንዲቀልዱብኝም ብዬ አይደለም።

ያንቺው እንድሪስ
ወልድያ