«አባትህን ይዘህ ና» የተባሉት አቶ ለገሰ

የአቶ ለገሰ ፍቅረማርያም ታሪክ በልደታቸው መጀመር ነበረበት። ነገር ግን ከትምህርት ያስወጣቸው ጉዳይ በዚህ ከተማ እስከ ዛሬ ተጣሞ ስለሚወራ አስቀድሞ እሱ ይነገር። ሐሙስ ጥቅምት 11 ቀን 1986 ዓ.ም. ጠዋት፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳሉ ባንዲራ ሲሰቀል አርፍደው ደረሱ። መምህር አሸቱ ከሰልፉ ፊት አቁመው፣ «ይኸ የብትን ወታደር ልጅ! አባቱ ጠመንጃ ጥሎ ሮጠ፣ እሱ ደግሞ ሰልፍ ይጥላል። ሰኞ አባትህን ይዘህ ና፤ ከየትም አምጣው! ያለዚያ ትምህርት የለህም» አሏቸው። ተማሪው በሙሉ ሳቀ። ከሳቁት መካከል ዛሬ ነጠላ አዘቅዝቀው እዚህ የቆሙ አሉ፤ ስም አንጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

አቶ ለገሰ ከአባታቸው ከሃምሳ አለቃ ፍቅረማርያም እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዓለሚቱ በ1974 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና ጦር ሰፈር ተወለዱ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን አባታቸው የገቡበት ጠፋ። መርዶ አልመጣ፣ አሉ የሚል ወሬም አልመጣ። እናታቸው ዛሬ ነገ ከጦር ሰፈሩ ቤት ውጡ እንባላለን እያሉ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር እየደነገጡ፣ መናኸሪያው ዳር ሻይ ሸጠው አሳደጓቸው። ያን ቀን አቶ ለገሰ ያረፈዱትም ለሻዩ ውሃ ሲቀዱ ነበር። ጠያቂ ግን የለም።

አቶ ለገሰ ትምህርት የሚወዱ፣ የአፍሪካን ካርታ አሸዋ ላይ በጣታቸው የሚሥሉ ልጅ ነበሩ። ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ግን ካርታ መሣሉን ተዉ። እናታቸው ዓርብ ትምህርት ቤት ቢሄዱ፣ «እኔ አባት ነው ያልኩት» ተብለው ከበር ተመለሱ።

በከተማው ወላጅ አምጣ የተባለ ልጅ፣ መናኸሪያ ላይ ያገኘውን ሰው ለምኖ «አባቴ ነው» ማለቱ የተለመደ ነው። ወ/ሮ ዓለሚቱም ቅዳሜ፣ ከሊበን ወተት እያመጡ የሚሸጡላቸውን ኦቦ ጎሊቻን፣ «ሰኞ ለልጄ አባት ይሁኑልኝ» ብለው ለመኗቸው። ኦቦ ጎሊቻም፣ «ተቀብያለሁ» አሉ። እናትም ተገላገልኩ ብለው እፎይ አሉ።

ሰኞ ጠዋት ኦቦ ጎሊቻ ብቻቸውን አልመጡም። ዘንጋቸውን ይዘው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ቅቤ አስይዘው መጡ። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ የልጁን ራስ በቅቤ ቀብተው መረቁ፤ ከከብቶቻቸውም አንዲት ጊደር በስሙ መለየታቸውን ለሽማግሌዎቹ ተናገሩ። በቦረና ደንብ እንዲህ የሚደረገው ለገዛ ልጅ ነው። ወ/ሮ ዓለሚቱ ክው አሉ። «ኧረ እኔ ለዛሬ ብቻ ነው ያልኩት!» እንዳይሉ ሽማግሌ ቆሟል። ልጃቸውን ወደ ጎን ስበው፣ «አባትህ በሕይወት ይኖር ይሆናል። ቢመጣ ምን እለዋለሁ? ዋ! አባቴ ብለህ እንዳትጠራቸው» ብለው አስጠነቀቁ።

መምህር አሸቱ መጥተው ሲያዩ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ለገሰ፣ እኚህ ሰውዬ ምንህ ናቸው? ተናገር!» አሉ። ልጁ አዎ ቢል አባቱን መካድ ነው፤ አይደሉም ቢል ኦቦ ጎሊቻን በሽማግሌ ፊት ማዋረድና ትምህርቱን ማጣት ነው። አቶ ለገሰ ቅቤው በግንባራቸው እየወረደ እናታቸውን አዩ፣ ኦቦ ጎሊቻን አዩ፤ ከዚያም መልስ ሳይሰጡ በመጡበት በር ወጥተው ሄዱ። መምህሩ፣ «ይኸው! የኪራይ አባት!» አሉ። ኦቦ ጎሊቻ ግን፣ «ልጄ ነው። እሱ ዝም አለ፣ እኔ አልኩ፤ በቃ» ብለው ተከተሏቸው። አቶ ለገሰ ወደዚያ ትምህርት ቤት አልተመለሱም። ሰነፍ ስለነበሩ አይደለም።

ከዚያ በኋላ በነጋዴው በአቶ ከሊፋ የጭነት መኪና ረዳት፣ ቀጥሎም ሹፌር ሆነው በዱብሉቅና በሜጋ መስመር ለረጅም ዓመታት ሠርተዋል። በየመንገዱ ሸምገል ያለ የወታደር ካፖርት የለበሰ ሰው ባዩ ቁጥር መኪና አቁመው ፊቱን ሳያዩ አያልፉም ነበር። በ1999 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሚልኪ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ለሠርጉ የታረዱት የዚያች ጊደር ዘሮች ናቸው። ያም ሆኖ ሃምሳ አለቃ አንድ ቀን መጥተው ይሰማሉ ብለው ስለሚሰጉ፣ ኦቦ ጎሊቻን በልጅነታቸው ይጠሯቸው እንደነበረው «ኦቦ» ከማለት አላለፉም። ኦቦ ጎሊቻም አልጠየቁም።

አቶ ለገሰ በኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ በዋሉበት ወቅት ኦቦ ጎሊቻ ከሊበን በጭነት መኪና ተጭነው መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። አቶ ለገሰ ሊናገሩ ከንፈራቸውን ያላቅቁና መልሰው ይገጥሙት ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. «አባቴ» ሳይሉ ዐረፉ።

ትናንት ኦቦ ጎሊቻ ከእንግዳው ጋር ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጠው ሳለ ወ/ሮ ዓለሚቱ ተነሥተው፣ «እዚያ ምን ያደርጋሉ? የሞተው እኮ ልጅዎ ነው» ብለው እጃቸውን ይዘው ከሐዘንተኞቹ ተርታ አስቀመጧቸው። መምህር አሸቱ እዚህ ካሉ ይስሙ። አቶ ለገሰ የተለዩት ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሚልኪን፣ ልጆቻቸውን ትንቢትንና ሲፈንን፣ እናታቸውን ወ/ሮ ዓለሚቱን፣ አባታቸውን ኦቦ ጎሊቻን ነው።

ፈጣሪ ለነፍሳቸው ስጋት የሌለበት ማረፊያ ይስጥልን፤ እናትና አባታቸውን ያጽናልን።