በጣቶችሽ የተመረገው ግድግዳ

የካ ሚካኤል፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 11 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ናዝሬት ልጃችን ለተጊዮርጊስ ዘንድ ለምትገኚው ለባለቤቴ ለበለጡ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ደኅና ነኝ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስለለየሽ ይህን ራስሽ አንብቢው፤ ለለተጊዮርጊስ አትስጫት። በእኔ መሳቅ ትወዳለች።

ክረምቱ ከብዶ ነበር። ጎረቤታችን ፈዬራ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የብሎኬት ቤት ሠራ። ብርዱ ሲጠናበት ልጆቹን ይዞ እኛ ቤት መጣ።

“ጋሼ ዓምደ ሚካኤል፣ ቤትዎ እኮ ያለ እሳት ይሞቃል!”

“አፈሩ እግርህ ሥር ነው። የእንጦጦን ዛፍ አያስቆርጥ፣ ለሲሚንቶ አያሰልፍ። ለምን እንደ እኔ በጭቃ ጡብ አልሠራህም?”

“ሚስቴ እምቢ አለች።”

“ሚስትህ ስለ ግድግዳ ምን ታውቃለች?”

ሳቀ። “ስለ ግድግዳው አይደለም። የእትዬ በለጡን እጅ አይታ ነው።”

ከቤቴ አስወጣሁት። በማግስቱ ልጆቹ ብቻቸውን ሲመጡ ግን ከፈትኩላቸው።

ይህን ቤት ሊያይ ያልመጣ ሰው የለም። ከመንግሥት መሥሪያ ቤትም መጥተው አድንቀዋል። ሁሉም አመስግኖ ይሄድና በብሎኬት ይሠራል። ጭቃን የድሃ ነገር አድርገው ስለሚንቁ ነው እል ነበር፤ አሁንም እላለሁ። አንቺ ግን እጅሽን ለብ ያለ የጨው ውሃ ውስጥ ነክረሽ፣ “እርስዎ ይሰብካሉ፣ እኔ እመርጋለሁ” አልሽኝ። ነገረኛ ነሽ አልኩሽ። አሁንም ነገረኛ ነሽ።

የዘንድሮን ምርጊት ራሴ ያዝኩት። ጭቃውን ከጭድና ከእበት ጋር ረገጥኩ፣ ሦስቱን ግድግዳ ጨረስኩ። ጽሕፈቴ የተበላሸው እጄ ተሰነጣጥቆ ብዕር አልጨብጥ ስላለኝ ነው። የብርዱ ነገር ነው እንጂ የጭቃው አይደለም።

በምሥራቅ በኩል ያለውን አልነካሁትም። አምና ስትመርጊው የጣቶችሽ መስመር ከጥግ እስከ ጥግ ቀርቶበታል። ፈዬራ፣ “እኔ ልምረግልዎት፣ ይፈርሳል” ቢለኝ ከለከልኩት። ምክንያቱን ጠየቀኝ፤ ዞር በል አልኩት። ባለፈው እሑድ ያልታሰበ ዝናብ መጥቶ አብዛኛውን አወረደው።

ሐኪሙ እጅሽ ዳግመኛ ጭቃ እንዳይነካ ማዘዙን ለተጊዮርጊስ ጽፋልኛለች። ጣቶችሽ ማንኪያ እንኳ አንይዝ ማለታቸውንም ጽፋለች። ይህን አንቺ አልነገርሽኝም።

ሲሚንቶ ለመግዛት ቀበሌ ተመዝግቤአለሁ። ለውኃ ጉድጓዱ ነው፤ ለሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።

ነይ ብዬ አልለምንሽም። ቤቱ የሚሞቀው እንደ ድሮው ነው፤ የሚበርደኝ እኔ አርጅቼ ይሆናል። ከመስኮቱ ሥር የአንድ እጅሽ ምልክት ተርፏል። ዝናብ እንዳያገኘው ኬሻ ሰቅዬበታለሁ። ጠዋት ጠዋት ገለጥ አድርጌ አይቼው እመልሰዋለሁ።

የየካው ሚካኤል እጅሽን ይማርልኝ።

ባልሽ ዓምደ ሚካኤል