አሥራ አምስት ደቂቃ የሚቆየውን ቁጥር ሦስት ቀን ላቆዩልን ኃላፊ

ለክቡር ኦቦ ጉርሙ ቀጀላ
የከተማችን ፈጣን አገልግሎት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የስብሰባ ብዛት ወገብዎን እንዳይጎዳው፣ በተለይም ዓይንዎ የሚፈርሙበትን ወረቀት አጥርቶ እንዲያይልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ። ስሜ ይገዙ ዲንሳ ይባላል፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እርስዎ ባሉበት ሕንፃ ምድር ቤት ሃያ ስምንት ዓመት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ።

ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ ስለ ባለቤቴ ስለ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ዓይን ነው። ሠላሳ ዓመት ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፤ ዛሬ ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ጋርዶባት መርፌ ላይ ክር የምታስገባው በጣቷ እየዳሰሰች ነው። በግንቦት ወር ሐኪሞች ለአሥር ቀን አምቦ ሆስፒታል መጥተው ሞራ እንደሚገፍፉ ስንሰማ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። እዚያው ሄጄ ላስመዝግባት ብል ግን፣ ስም የምንቀበለው ከእናንተው ጽሕፈት ቤት ብቻ ነው ተብዬ ተመለስኩ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. ደብተር ገልጠው ስማችንን በእስክሪብቶ ይጽፉልን የነበሩትን አዴ ቦጋለችን አንስተው በምትካቸው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስላመጡልን አመሰግናለሁ። የኮምፒውተር ባለሙያዋ ወይዘሪት ሴና በትዕግሥት እንዳስረዳችኝ፣ ይህ ወኪል የሚሉት ነገር ብቻውን የትም አይደርስም፤ ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ ሲጻፍለት ነው ከሆስፒታሉ የቀጠሮ ሰሌዳ ጋር የሚገናኘው። አንዴ ከተገናኘ የአንድ ሰው ምዝገባ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም።

2. ግንኙነቱ የሚከፈተው ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚለውን ባለ ስምንት አኃዝ ቁጥር ኃላፊው በራሳቸው ስልክ አስገብተው ሲፈቅዱ ነው። ቁጥሩ የሚቆየው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ሴና ቁጥሩን ይዛ ወደ ቢሮዎ ስትሮጥ፣ በጽሕፈት ቤቱ ስም የሚሰጥ ፈቃድ በቃል እንደማይጠየቅ ገልጸው፣ ቁጥሩ ታትሞ፣ ሸኚ ደብዳቤ ተጽፎለት፣ በመዝገብ ቤት በኩል እንዲቀርብልዎ ስላዘዙ ለሥርዓት ያለዎትን ፍቅር አደንቃለሁ።

3. ስለዚህ ቁጥሩ ታተመ። መዝገብ ቤት ገብቶ የገቢ ቁጥር ተሰጠው፤ ቁጥሩም ሌላ ቁጥር አገኘ ማለት ነው። ከዚያ ማኅተም አስፈለገው። ማኅተሙ ማኅተም ያዥዋ አዴ ጉዴ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፤ አዴ ጉዴ ደግሞ ጌዶ ለቅሶ ሄደው ነበር፤ በእሳቸው አልፈርድም። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱ ጠረጴዛዎ ላይ ሲደርስ ስልክዎ አልቀበልም ቢልዎ፣ ግርጌው ላይ «ተጣርቶ እንደገና ይቅረብ» ብለው መሩት። አዲስ ቁጥር ታትሞ እንደገና ቀረበ፤ እንደገና ሦስት ቀን ሆነው። ሦስተኛው ዙር ሲያልቅ ሐኪሞቹ ሊሄዱ አንድ ቀን ቀርቷቸው ነበር። ሴና ያን ዕለት አለቀሰች፤ እኔም ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ሆኜ አየኋት።

4. በአሥራ አንደኛው ቀን ሴና ኮምፒውተሩን ራሱን ተሸክማ ስብሰባዎ ላይ ስትገባ፣ ለመገላገል ያህል ስልክዎን አውጥተው ፈቀዱላት። ሁለት ደቂቃ ፈጀብዎ። ወኪሉም ወዲያው፣ ሐኪሞቹ ትናንት ሥራቸውን ጨርሰው እንደሄዱ፣ ክፍት ቀጠሮ እንደሌለ፣ ስለ መዘግየቱም ይቅርታ እንደሚጠይቅ ጻፈልን። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ጥፋት የለበትም።

ተራ ቁጥር የማልሰጠው አንድ ነገር ቀርቶኛል። መዝገብ ቤት የተቀመጠውን ተሬፋን ሥራ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የገቢ ቁጥር ያልተሰጠው ወረቀት፣ የፈለገው ባለሥልጣን ቢቆጣ፣ ከእጅህ እንዳይወጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ልጅ ሳለ በነገርኩት መሠረት ሦስቱንም ጊዜ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ አንድም ሳያጓድል መዘገበው። ይህን ለፈትለወርቅ እስካሁን አልነገርኳትም። እኔ አፍሬያለሁ፤ እርስዎም ጊዜ ሲያገኙ ትንሽ እንዲያፍሩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሐኪሞቹ ለከርሞ ይመለሳሉ ይባላል። ያን ጊዜ ስልክዎን ይዘው ወደ ሴና ክፍል ይውረዱልን። አሥራ ሁለት ደረጃ ብቻ ነው፤ ቁጭ ብዬ ቆጥሬዋለሁ።

ወንበርዎን የሚያጸና፣ የማኅተምዎን ቀለም የማያደርቅ አምላክ ይጠብቅዎ እያልኩ፣

የክቡር ኦቦ ጉርሙ ቀጀላ አክባሪ፣
የኮሪደርዎ አግዳሚ ወንበር ደንበኛ
ይገዙ ዲንሳ
ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፈትለወርቅም ከጎኔ እፈርማለሁ ስላለች እስክሪብቶ ሰጠኋት። መስመሩ አልታያትምና ፊርማዋ ከፍ ብሎ እርስዎ ስም ላይ አረፈ። ቦታውን አገኘሁት ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አዎ፣ አግኝተሽዋል አልኳት።