ሳቅ ስለተከለከለበት የሕፃናት ክፍል

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና አስተዳዳሪ
ቀራንዮ፣ ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤንነትን፣ ለቤተ ሰብዎም ሰላምን እየተመኘሁ፣ እኔ የሺእመቤት፣ እጇን የፈላ ውኃ ያቃጠላት የስድስት ዓመቷ የወርቅዬ እናት፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው የዋሉልን ውለታ ተሸሽጎ እንዳይቀር ብዬ ነው።

ልጄ ቁስሏ ሲታጠብ ከመጮኽ በቀር ስምንት ቀን ሙሉ ቃል አልወጣትም፣ እህልም በግድ ነበር የምትቀምሰው። በዘጠነኛው ቀን የኮልፌው ልብስ ሰፊ አቶ ይመር መጋረጃ ሊለካ መጣ። ሕፃናቱ ትክ ብለው ሲያዩት ጊዜ ሜትሩን እንደ ሐኪም አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከመደርደሪያ አዲስ ፖፖ አንሥቶ እንደ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ሕሙማን መጎብኘት ጀመረ። የወርቅዬን አልጋ እግር ጨብጦ አዳመጠና፣ «ይህ አልጋ ሳል ይዞታል፤ መርፌ ይወጋ» ብሎ አዘዘ።

ልጄም «አልጋ እኮ ቂጥ የለውም» አለችው።

እኔ ስቄ ስቄ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ እሱ እየወደቀ እየተነሣ አልጋውን ሲያክም፣ ተሻለች የምትባለው ነርስ ልጄን ታክም ነበር። ይህ ለክቡርነትዎ ጆሮ ደረሰ። ስለዚህም፦

፩ኛ/ «በሕፃናት ክፍል ድምፅ አሰምቶ መሳቅ ክልክል ነው» የሚለውን ማስታወቂያ ፊደል ባልቆጠሩ ልጆች ራስጌ ስላስለጠፉልን እናመሰግናለን።

፪ኛ/ አቶ ይመር የሕክምና ዲፕሎማ ካላቀረበ እንዳይገባ ማዘዝዎ ተገቢ ነው። እሱም የአልጋ እንጂ የሰው ሐኪም አለመሆኑን ለዘበኛው በትሕትና አስረድቶ ተመልሷል።

፫ኛ/ ጩኸት ስላልተከለከለ ግን ልጆቻችን ቁስላቸው ሲታጠብ አስኮ ድረስ የሚሰማ ጩኸት ጮኹ።

አራተኛውን በቁጥር መግለጽ አልተቻለኝም። ባለፈው ሰኞ ጩኸቱን ጸጥ ሊያሰኙ ራስዎ ሲገቡ፣ ወለሉ በሳሙና ታጥቦ ኖሮ፣ ሁለቱም እግሮችዎ ወደ ላይ ተነሥተው ክቡርነትዎ ልብስ የተነከረበት ሳፋ ውስጥ ተቀመጡ። ጩኸቱ ቆመ። ወርቅዬ እንዳስተማርኳት በአክብሮት፣ «እባክዎ ይድገሙት» አለች። ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ልጆች አልጋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ተሻለችም የልጄን ቁስል አጥባ፣ ጠቅልላ ጨረሰች። ልጄ ሕመሙን አላወቀችውም።

ወርቅዬ ነገ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የሚቀሩት አሥራ አንዱ ናቸው። እነሱን በተመለከተ፣ አቶ ይመር እንዲገባ ይፍቀዱ፤ ይህ የማይቻል ከሆነም ማክሰኞና ሐሙስ ከጧቱ በሦስት ሰዓት እየመጡ እንዲወድቁልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ሳፋውን እኛ እናቶች እናቀርባለን።

ከመቀመጫዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ መቼም የማልረሳዎት፣

የሺእመቤት ቀለመወርቅ

ማስታወሻ፦ ማንን እንደሚመርጡ ልጆቹን ጠይቄያቸው ነበር። ሁሉም አቶ ይመርን መረጡ። አወዳደቁ ከክቡርነትዎ ጋር እኩል ነው፤ ነገር ግን እሱ ሲስቁበት አይቆጣም ብለዋል።