በፊት ፎጣ የተወለወለ ጫማ

ከእናት ለማላሳንስሽ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ ለቀቅ አደረገሽ ወይስ ጎንበስ ባልሽ ቁጥር ይይዝሻል? የእማዬስ ዓይን ተሻለው? ጋሼ ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። ብዕር ያነሳሁት ግን ከትናንት ጀምሮ የገጠመኝን ልነግርሽ ነው።

ጋሼ “ሎተሪ ወጣልሽ” ብሎ ያገናኘኝ እጮኛዬ እንደተባባልነው እዚህ ከተማ መጥቶ ተቀበለኝ። እሱ ወደሚኖርበት አገር የሚወስደውን ረጅሙን በረራ አብረን ልንሄድ፣ እስከዚያው አየር መንገዱ በሰጠን ሆቴል አረፍን። በየክፍላችን ነው፤ እማዬ እንዳትጨነቅ ንገሪያት። ከተማው ገና ከመኪና ስንወርድ የበሰበሰ ውሃ ይሸታል። የሆቴሉ ምንጣፍ ጫማዬን ሳብ እያደረገ ይለቀዋል። ሻይ ብጠይቅ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ የሌላ ሴት የከንፈር ቀለም አለ። እንዲህ ያለ ነገር እኔ ክፍል በማጸዳበት ሆቴል ቢገኝ አለቃችን እኛኑ ከምንጣፉ ጋር ጠቅልላ ታወጣን ነበር።

ጠዋት ስነሳ እንግዳ መሆኔን ረስቼ አንሶላውን ገፈፍኩ፤ እንደ ሥራችን ልማድ ትራስ ልብሱ ውስጥ ከትቼ ቋጥሬ በሩ ሥር አስቀመጥኩት። የጽዳት ሠራተኛዋ ስትገባ ቋጠሮውን አየች፣ ቀጥላ እጄን አየች፣ ሳቀች። ቋንቋ አንግባባም። እንደ እኔው በበረኪና የተላጠ መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ፤ እኔም የኔን አሳየኋት።

ቆየት ብዬ እጮኛዬን ለቁርስ ልጠራ ስሄድ እሱ ቀድሞ ወርዷል። በሩ ክፍት ነው። ያቺው የጽዳት ሠራተኛ ተንበርክካ አልጋው ላይ የቆረጠውን የእግር ጥፍር ከምንጣፉ ትለቅማለች። ማስቲካውን አልጋው ራስጌ ላይ ለጥፎታል። ነጩን የፊት ፎጣ በቀለም አጥቁሮ ጫማውን ወልውሎበታል፤ ሆቴሉ ያስቀመጠው የጫማ ጨርቅ አጠገቡ እንደታጠፈ ነው። እታለም፣ በሥራዬ ያላየሁት ጉድ የለም፤ የታመመ ሰው ያስታውካል፣ ሕፃን አልጋ ያበላሻል፣ እሱን አጥበን እናልፋለን። ይህ ግን ቀፈፈኝ። አብሬያት ተንበርክኬ ለቀምኩ።

ወርጄ ስጠይቀው አልተቆጣም። ለዚህ አይደል የተቀጠሩት አለኝ፣ ዳቦውን እያላመጠ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ አይዞሽ፣ ከእንግዲህ የሰው ክፍል አታጸጂም፣ የእኔን ብቻ ነው አለኝ። ደስ እንዲለኝ ብሎ ነው፤ ጨጓራዬን የላጠው ይኸው ንግግሩ ነው። ጫማው ጠረጴዛው ሥር ያብረቀርቃል።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደን መኪና ሲመጣ አልገባሁም። መጀመሪያ የምቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ቀለበቱን ሳወልቅ ግን በፎጣ ምክንያት ትዳር ይፈርሳል ወይ ብሎ ጮኸ። አዎ አልኩት። ሄደ።

ወደ አገር ቤት የሚመልሰኝ አውሮፕላን ከነገ ወዲያ ነው። ይህንን ደብዳቤ ይዛልሽ የመጣችው፣ እዚሁ ሆቴል የተዋወቅኋት ነርስ ዛሬ ስለምትበር ቀድማኝ ትደርሳለች። እኔ ሳልመጣ እማዬን ቀስ ብለሽ አስረጂልኝ፤ በር ላይ ድንገት ብታየኝ ትደነግጣለች። ሰፈሩ “ከመንገድ ተመለሰች” እያለ እንደሚያማኝ አውቃለሁ፤ እፍረቱም ከአሁኑ ይሰማኛል። ቢሆንም እመጣለሁ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ጋሼን አክብሬ ሰላም ብያለሁ፤ ለደግ ብሎ ነውና አልተቀየምኩትም፣ ሎተሪው ግን አልወጣም በይው። ትንሹን ጉንጩን ንከሽልኝ። ክፍሌን ለትልቋ ልጅሽ እንደሰጠሻት አውቃለሁ፤ አታስወጫት፣ አብረን እንተኛለን። አልጋውን ብቻ እንዳትነኩት፤ መጥቼ እኔው አነጥፈዋለሁ።

ታናሽ እህትሽ
ከመሸጋገሪያው ከተማ፣ ጥቅምት ፲፱ ቀን