በሁለት ስላሸነፍኩት የጥሪ ውድድር

ለክቡር አቶ አርቪድ ቶለፍሰን
የሐሙስ ማታ ጨዋታ መሪ፣ የዳይስ ዳኛ፣ የጭጋጉና የሐይቁ ባለሥልጣን
ባሉበት ምድር ቤት

ጉዳዩ፦ ማሸነፌን ስለመቃወም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው እላለሁ። ብርዱ ሲመጣ የሚነሳብዎት ጉልበትዎ እንዴት አደረገዎት? የምድር ቤትዎ ማሞቂያስ ማንኳኳቱን ተወ? እኔ ወንድሜን ካጣሁበት ከመጋቢት ወዲህ እንደሚሆኑት እየሆንኩ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በበርዎ ሥር ማስገባት ስችል በዓሣ ማጥመጃ ሱቁ ሰሌዳ ላይ፣ ከጠፋችው ድመት ፎቶ ጎን የለጠፍኩት በድፍረት አይደለም። "የመሪው ውሳኔ በጠረጴዛው ዙሪያ አይከራከሩበትም" ብለው ያወጡትን ሕግ ለማክበር ስል ከጠረጴዛው ራቅ ብዬ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ አንድ ሁለት ቃል ልበል። እኛ ተጫዋቾች እያንዳንዳችን አንድ የፈጠራ ሰው እንይዛለን፤ የቀረውን ዓለም፣ ንጉሡንም ዝናቡንም፣ ክቡርነታቸው ይይዛሉ። የሞከርነው ነገር ይሳካ እንደሆነ በየገጹ ቁጥር የተጻፈበት ባለ ሃያ ገጽ መጣያ ጠጠር፣ ዳይስ፣ ይወስናል። የእኛ ዳይስ ሁሉ እያየው ጠረጴዛው መሐል ይወድቃል። የእርሳቸው ከካርቶን መከለያ ጀርባ ይወድቅና የወጣውን ቁጥር እርሳቸው ይነግሩናል። እስከ ዛሬ አንገቱን አስግጎ ያየ የለም፤ ነውር ነው።

ባለፈው ሐሙስ የፈጠራ ሰዎቻችን ከአንዲት የሐይቅ ዳር መንደር የገበያ በዓል ላይ ደረሱ። ሰይፍ የለም፣ ደም የለም። አንድ ጀልባ ቀዛፊ ጭጋጉ ውስጥ ይገባል፣ ተወዳዳሪዎች ከዳር ሆነው ይጠሩታል፣ ቀዛፊው ወደ ሰማው ድምፅ ይቀዝፋል፤ ጀልባዋን ወደ ራሱ ያመጣ ያሸንፋል። እንዲህ ያለ ውድድር ማሰብዎን ያደነቅሁት ገና ሲጀምሩ ነበር። ማድነቄን የተውኩት ደግሞ ቀዛፊውን ማን እንዳደረጉት ስሰማ ነው።

አቤቱታዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ውድድሩን እንደ ሎተሪ አካሄዱት። ሰይፍ የተመዘዘ ቀን እኮ እርስዎን የሚያህል ጠንቃቃ የለም፤ ማን የት እንደቆመ፣ መሬቱ ያዳልጥ እንደሆነ፣ ጋሻው በየትኛው እጅ እንዳለ ሁሉ ይጠይቃሉ፤ አንዲት አይጥ ለመግደል ግማሽ ምሽት ይፈጅብናል። ለጥሪው ግን "ጣሉ፣ ትልቅ ያወጣ ይሰማል" ብለው አለፉት። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አልነገሩንም። ስም ጠርተን ይሁን ዝም ብለን ጮኸን አልጠየቁንም። ስለዚህ ዘፋኝነት የተማረችው የኔዋ ሴት ሁለት አወጣች፤ የበረዶ ጠራጊ መኪና ነጂው ዱዌይን የያዘው ባላባት ደግሞ የብረት ቆቡን ክዳን እንኳ ሳይገልጥ አሥራ ሰባት አወጣ። "ሁለት? በሁለት እኮ አጠገብሽ የቆመውም አይሰማሽም፤ በይ እህቴ፣ ጉሮሮሽን ማር ቀቢው" ብሎ ዱዌይን የሳቀብኝን ሳቅ፣ ልክ ስለነበረ፣ ምሬዋለሁ።

ሁለተኛ፣ የወደቀን ሰው ሥራ ፈት አደረጉ። ሌላዋ ተጫዋች ሩታን ገና በመጀመሪያው ዙር ወደቀችና የምትሠራውን የካልሲ ሹራብ አወጣች። "ታዲያ እኔ ችቦ ላብራ? ወይ ሰዉን ሁሉ ላስጩኸው?" ስትልዎ "ውድድሩ የድምፅ ነው፣ ቁጭ በይ" አሏት። የወደቀ ሰው የሚሠራው ነገር ካላገኘ ቁጭ ብሎ ማሰብ ይጀምራል፤ ይህን እኔ ለእርስዎ መንገር አይገባኝም ነበር። በመጋቢት ወንድሜን ስንፈልግ እኛም የመኪናችንን መብራት ወደ ረጋው የሐይቁ በረዶ አዙረን፣ ጭጋጉ መልሶ ዓይናችን ላይ ሲጥለው፣ ከዚያ በኋላ የምንሠራው አጥተን ቁጭ ብለን ነበርና።

ሦስተኛው ይረዝማል፤ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

በጠረጴዛችን የኖረ ልማድ አለ። አንድ ተጫዋች ጉንፋን ይዞት ወይም ሥራ ገብቶ ከቀረ፣ የያዘው ሰው ሜዳ ላይ አይጣልም፤ መሪው ዳይሱን ይጥልለታል፣ ይናገርለታል። መልካም ልማድ ነው። የኔ ወንድም ላይል በመጋቢት ዓሣ ሊያጠምድ በሳሳው በረዶ ላይ ወጥቶ ከቀረ ወዲህ፣ እርስዎ በየሐሙሱ መከለያዎን እያቆሙ "ላይል ዛሬ ቀርቷል" ይላሉ። ዱዌይን ሳህኑን ያያል። ሩታን ባዶ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ታስጠጋለታለች። እኔም አንድ ቀን ቃል ተናግሬ አላውቅም። ሐይቁ የሚቀበር ነገር እንኳ ባልመለሰልኝ ጊዜ እርስዎ ወንድሜን የቀረ ብቻ አድርገው ስላቆዩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሟች ለሆነ ሰው ይህን ያህል የዕረፍት ፈቃድ የሰጠ መሥሪያ ቤት በአገሩ ሁሉ አይገኝም።

የላይል ሰው ቶርቢን የሚባል ጀልባ ቀዛፊ ነው። እናም ባለፈው ሐሙስ ጭጋጉ ውስጥ ያስገቡት እሱን ነው።

የዱዌይን ባላባት በአሥራ ሰባት ጠራ። እርስዎ ይስማ አይስማ ለመወሰን ከመከለያው ጀርባ ለቶርቢን ጣሉና "ቶርቢን አልሰማም" አሉ። እኔ በሁለት ጠራሁ። በአሥራ ሰባት ያልሰማ በሁለት ሊሰማ ነው? ብርጭቆዬን ላነሳ እጄን ዘረጋሁ። እርስዎ ግን "ቆይ፣ ይኼን በላይል በራሱ ዳይስ ልጣልለት፤ ያ አረንጓዴው እኔ ጋ ቀርቷል" አሉ። ሲንከባለል ሰማነው። "ሃያ" አሉ። ከዚያ ዓይንዎን ጨፈኑ፤ ከዚያም በራስዎ ድምፅ ሳይሆን በእሱ ድምፅ፣ ያን ሁሌ አርፍዶ ደረጃውን ሲወርድ ከላይ የሚጮኸውን ጮኹ፦ "መጣሁ፣ መጣሁ! ምግቡን እንዳታነሱት!"

ክቡር ሆይ፣ ሩታን መርፌዋ ከእጇ ወደቀ። ዱዌይን፣ ያ የሚቀልደው ዱዌይን፣ ቀና ብሎ ደረጃውን አየ። እኔም አየሁ። ማንም አልወረደም። እርስዎም ዓይንዎን ገልጠው፣ ላብዎን በእጅጌዎ ጠርገው፣ "ማርሊስ አሸንፋለች" አሉ።

ስለ ሽልማቱ አመሰግናለሁ። የተሸለምኩት ይህ ነው፦ ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ ስጨርስ እግሬ ወደ ቤት አይሄድም፣ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። ጭጋግ ባይኖርም ቆሜ አዳምጣለሁ። ወፍ ሲጮህ "አቤት" እላለሁ። ቤት ስገባ ለሁለት ሰው አቀርብና አንዱ ሳህን ሳይነካ ያድራል፤ አላነሳውም፣ እንዳላነሳው ተነግሮኛልና። በመጋቢት እኔና እርስዎ ጎን ለጎን ቆመን ድምፃችን እስኪዘጋ ስንጠራው መልስ አልነበረም። መልስ አለመኖሩን ስንት ወር ተለማምጄ ነበር። እርስዎ በአንድ ምሽት በእሱ ድምፅ መልስ ሰጡኝ፤ አሁን ደግሞ እሱ አልሰማኝም ብዬ ማሰብ አቃተኝ። ሰምቶኝ በመንገድ ላይ ነው እያልኩ ማደር ጀመርኩ።

አራተኛና የመጨረሻው አቤቱታዬ ስለ መሪነት ነው፤ ለሌሎች መሪዎችም ይጠቅማል። ውድድር ከመጀመሩ በፊት የተሸነፈው ምን እንደሚሆን ይወሰናል። ቀዛፊው ካልሰማ ወዴት ይሄዳል? እርስዎ ይህን አልወሰኑም፤ ዳይሱ ሲያሳፍርዎ የሚሉት አጡ። ውድቀቱን የማይችሉትን ነገር ለዳይስ መስጠት አልነበረብዎትም። እኔ ያልቻልኩትን እርስዎም እንዳልቻሉት አሁን ገብቶኛል፤ ድምፅዎ ለሳምንት ተዘግቶ እንደነበር የማውቅ እኔ ነኝና። ቢሆንም አንጀቴን አቃጥለውታል፣ ይህንንም በአክብሮት አሳውቃለሁ።

ስለዚህ በሚመጣው ሐሙስ ውድድሩ እንዲደገም አመለክታለሁ። ነፋሱ ይነገረን። ሩታን ችቦዋን ታብራ፣ ዱዌይን ክዳኑን ይግለጥ። እኔ በስሙ እጠራዋለሁ። ከሰማ ይምጣ። ካልሰማ ግን እርስዎ አፍዎን ይያዙልኝ፤ ዝም ይበሉ፣ እኛም ዝም እንበል፤ ቶርቢን ጭጋጉን ይለፈው። ከዚያ በኋላ "ቀርቷል" የሚለውን ቃል እንዳልሰማ።

ጉልበትዎ እንዲሻለው፣ ማሞቂያዎ ዝም እንዲል፣ ቀሪ ዘመንዎም ከጭጋግ የጠራ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ እጅ በመንሳት፣

የዘንድሮው የጥሪ ውድድር ሕገወጥ አሸናፊ፣
ማርሊስ ጉንደርሰን

ግልባጭ፦
ለዱዌይን፣
ለሩታን፣ ካልሲው ሲያልቅ፣
ለላይል፣ ባለበት።

ማስታወሻ፦ የላይል አረንጓዴ ዳይስ እርስዎ ጋ አልቀረም። ከበሩ ጀርባ በተሰቀለው ኮቱ ኪስ ውስጥ አግኝቼው ለእሱ ከተደረገው ፀሎት ቀን ጀምሮ እኔ ጋ ነው፤ ያን ማታ "ሃያ" ሲሉ በእጄ ጨብጬው ነበር። ስለዚህ በላይል ዳይስ ሃያ የሚባል እንዳልወደቀ እያወቅሁ ነው ደረጃውን ቀና ብዬ ያየሁት፤ እያወቅሁም ነው ሐይቁ ዳር የምቆመው። ሐሙስ ይዤው እመጣለሁ። መከለያዎን ያንሱና ሁላችንም እያየን፣ ጠረጴዛው መሐል፣ በገዛ እጅዎ ይጣሉለት። ምግቡን እስከዚያ አላነሳም።