ሳልታመም ለዳንሁበት በሽታ የቀረበ ምስጋና

ሚያዝያ 4 ቀን 2005 ዓ.ም.
ፍኖተ ሰላም

ለክቡር አቶ ናሁሰናይ
የልምላሜ እህል አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ፣ እንዲሁም የሠራተኞች ጤና ማጎልበቻ ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ሪፖርትዎ የተሟላ፣ ኑሮዎ እንደ ዕቅድዎ የሰፋ፣ እንቅልፍዎም ከምሳ በኋላ ባለው ስብሰባ ላይ እንደሚያገኙት እንቅልፍ የጣፈጠ ይሁንልዎ እያልሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በደብዳቤ ወግ ከዚህ ቀጥሎ «እኔ ግን እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ክቡርነትዎ በክብ ማኅተም ስለ ነጠቁኝ በራሴ ሥልጣን ልጽፋት አልደፈርሁም። ይህን ሁሉ የምጽፈውም እርሷን ለማስመለስ ነው፤ በእርሷ መጥፋት ምክንያት ለዳግማይ ትንሣኤ የተቆረጠው ጋብቻዬ ሊፈርስ ጥቂት ቀርቶታል።

እኔን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ይሄይስ እባላለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ነው፤ ሚስቴ ከሞተችብኝ ስድስት ዓመት አልፏል፤ በማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ሚዛን ስጠብቅ አሥራ አራት ዓመት ኖሬአለሁ። ኩንታል በቆሎ ለማንሣት የሰው እጅ ጠብቄ አላውቅም። በጤና በኩል የማስታውሰው ችግሬ በ1998 ዓ.ም. የተነቀለ አንድ መንጋጋ ሲሆን፣ እርሱም ከተነቀለ በኋላ ተመልሶ አላስቸገረኝም።

ባለፈው ጥር ክቡርነትዎ ባሕር ዳር ላይ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስደው ሲመለሱ ሰባት ካርቶን መልቲቫይታሚን ይዘውልን መጡ። ሠራተኛው ሁሉ፣ ያመመውም ያላመመውም፣ በየቀኑ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ ተሰልፎ አንድ አንድ ፍሬ እንዲውጥ፣ የአንድ ለአምስት ቡድን መሪውም ምላስ እያስነሣ መዋጡን እንዲያረጋግጥ፣ ለቅዳሜና እሑድ ደግሞ እያንዳንዱ በነጭ ብልቃጥ ወደ ቤቱ ይዞ እንዲሄድ ተወሰነ። በዚያ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ፣ ጤነኛ ሰው ቫይታሚን በየቀኑ ቢውጥ ምን ይጠቅመዋል ብዬ መጠየቄ ይታወሳል። ክቡርነትዎም ጥያቄዬ ከአመለካከት ችግር የመነጨ መሆኑን በአባታዊ ደግነት አስረድተውኛል፤ እኔም ግለ ሂስ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ሆኖም ጥያቄው እንደ እኔ አልተቀመጠምና፣ ቅሬታዎቼን (ቅሬታ ማለት ድፍረት ከሆነም ምስጋናዎቼን) በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጥቅሙ። የአመለካከት ችግሬን ለማስወገድ ብዬ ገበያው ዳር መድኃኒት ቤት ያላትን ናጂሃን ሄጄ ጠየቅኋት። ትምህርቱን የጨረሰች፣ ከነጋዴ ቤት የተወለደች ልጅ ናትና አንድ ብልቃጥ ጨምራ እንደምትሸጥልኝ አልተጠራጠርሁም ነበር። እርሷ ግን፣ «ጋሼ ይሄይስ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ምግብ ላጠረው፣ ሐኪም መርምሮ ጉድለት አለብህ ላለው ሰው አዎ፣ ያስፈልገዋል። እርስዎ ጤፉንም ባቄላውንም ጎመኑንም የሚበሉ ሰው ነዎት። እንደ እርስዎ ላለው ሰው ዕድሜ ይጨምራል የሚል የሚታመን ጥናት እኔ አላየሁም፤ ሰውነት ካልፈለገው አብዛኛውን በሽንት ይጥለዋል። ቢሸጥ የምጠቀመው እኔ ነኝ፣ ግን አይግዙ» አለችኝ። በዕድሜዬ ሻጭ አትግዛ ብሎ ሲመክረኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ልጅቷ ሥልጠና ስላልወሰደች እንጂ እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር ባልተናገረች ነበር።

ሁለተኛ፣ በጨዋ ደብዳቤ ሊነሣ የማይገባውን ጉዳይ ይቅርታ ጠይቄ አነሣለሁ። ናጂሃ ያለችው በሦስተኛው ቀን ተፈጸመ። አርባ ሦስታችንም ከመጋዘኑ ጀርባ ስንቆም መስከረም ሳይጠባ አደይ አበባ የፈነዳ መሰለን፤ አንዳንዱም ደንግጦ ጸበል ሊሄድ ተነሥቶ ነበር። በዚያ ጥግ የበቀለው ሳማ በሁለት ወር ውስጥ ከአጥሩ በላይ ወጥቷል። ሳማው ሞዴል ተጠቃሚ ተብሎ እንዲሸለም በትሕትና እጠቁማለሁ፤ በፕሮግራሙ ላይ ጥያቄ ያላነሣ እርሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ለቡሬ ቅርንጫፋችን የተመደበው ካርቶን መኪና አጥቶ ስለ ቀረ፣ የቡሬ ባልደረቦቻችን ሁለት ወር ሙሉ ያለ ቫይታሚን ሠርተዋል። ለሥራ ሄጄ እንዳየሁት አንዳቸውም አልሞቱም። ያንኑ ኩንታል ያነሣሉ፤ ጉንፋን የያዛቸው እኛን በያዘን ሳምንት ነው፣ የለቀቃቸውም እኛን በለቀቀን ሳምንት። እኔም የሚዛን ሰው እንደ መሆኔ ጧት ጧት ራሴን ስመዝን፣ ከመጀመሪያው ክኒን በፊት ስልሳ አራት ኪሎ፣ ከሠላሳኛው በኋላም ስልሳ አራት ኪሎ ነበርሁ። ክቡርነትዎ ግን የቡሬ ሠራተኞች ጤነኛ ሊሆኑ የቻሉት «ከፍኖተ ሰላም ሠራተኞች ምርጥ ተሞክሮ በመቀመር» መሆኑን በሪፖርትዎ ላይ አስፍረዋል። ተሞክሮው በየትኛው አውቶቡስ ተሳፍሮ ቡሬ እንደ ደረሰ ባይገለጽም፣ ካርቶኑም በዚያው ቢላክ ጥሩ ነበር።

አራተኛ፣ ዐቢይ ጾም በገባ ጊዜ ነገሩ ተወሳሰበብኝ። የነፍስ አባቴን ቄስ ወልደ ዮሐንስን ባማክራቸው፣ «ከታመምህ መድኃኒት ነው፣ ዋጠው። ካልታመምህ ግን ገና በጧቱ ምንድን ነው የምትበላው ልጄ?» አሉኝ። እኔም ጥያቄውን በጽሑፍ ለክቡርነትዎ አቀረብሁ። ክቡርነትዎም አንድ ሰዓት እንኳ ሳያስጠብቁኝ በማመልከቻዬ ኅዳግ ላይ፣ «ሠራተኛው እስከ ትንሣኤ ድረስ እንደ ታመመ ይቆጠር» ብለው መሩበት። በቢሮዎ እንዲህ የፈጠነ ውሳኔ አግኝቼ ስለማላውቅ በደስታ እጅ ነሥቼ ወጣሁ። ያ ወረቀት ወደ ማኅደሬ እንደሚገባ አላሰብሁም።

አምስተኛው ነው ዋናው። ጅጋ ላይ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት የምትነግድ ወይዘሮ ታንጉት የምትባል ሴት አለች። እንደ እኔው የትዳር ጓደኛዋ ሞቶባታል። ስትስቅ ከገበያው ወዲያ ማዶ ይሰማል። እወዳታለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ይህን በአደባባይ ስጽፍ አላፍርም። ሽማግሌ ልኬ፣ እሺ ተብዬ፣ ቀን ተቆርጦ፣ በጾሙ ሁለተኛ እሑድ ከቤተሰቧ ጋር ሽሮ ለመቅመስ ጅጋ ሄድሁ። ኮቴን አውልቄ ልሰቅል ስል ብልቃጥዎ ኪሴ ውስጥ ተንኮሻኮሸ።

ወንድሟ ክንዱ፣ «አያ ይሄይስ፣ ምንድን ነው ኸኪስዎ የሚንኮሻኮሸው?» አለኝ። መድኃኒት ነው አልሁት። የምን መድኃኒት እንደ ሆነ ሲጠይቀኝ የምንም አልሁት። ስንት ጊዜ እንደምወስደው ሲጠይቀኝ በየቀኑ አልሁት። እስከ መቼ ሲለኝ፣ መዋሸት አልወድምና፣ ግብረ ኃይሉ በቃ እስኪል ድረስ አልሁት። በማዕዱ ላይ የነበረው እጅ ሁሉ ባለበት ቆመ። ከዚያ ወዲያ ምንም አላመመኝም ባልሁ ቁጥር ሰዎቹ ይበልጥ አዘኑልኝ።

ወሬው በባጃጅ ቀድሞኝ ፍኖተ ሰላም ገብቶ ኖሮ፣ ቤቴ ስደርስ ጎረቤቴ እህተ ማርያም በር ላይ ጠበቀችኝ። «ይሄይሴ፣ ወንድሜ፣ የሚጎዳው እኮ መደበቁ ነው። ጉበት ነው አይደል?» አለችኝ። በማግስቱ ኩላሊት ሆነ፣ በሠልስቱ ልብ። በየማታው ጠያቂ ቤቴን ሞላው፤ ሰው ባዶ እጁን አይመጣምና ብርቱካን፣ ዳቦ፣ በጀሪካን የተጨመቀ ሱፍ ይዞ መጣ። ተኛ ብለው አስተኙኝ፣ ቀና በል ብለው አጎረሱኝ። በሁለተኛው ሳምንት ሚዛን ላይ ብወጣ ስልሳ ስድስት ኪሎ ሆኛለሁ። በቫይታሚኑ ምክንያት ያገኘሁት እውነተኛ ቫይታሚን ቢኖር የጎረቤቶቼ ብርቱካን ነው፤ ስለዚህም ግብረ ኃይሉን ከልቤ አመሰግናለሁ።

ስድስተኛ፣ ክንዱ አስተዋይ ሰው ነውና፣ መድኃኒቱ ለምን እንደሚወሰድ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከመሥሪያ ቤቴ ካላመጣሁ እኅቱን እንደማይሰጠኝ ላከብኝ። እኔም ደስ እያለኝ ወደ ክቡርነትዎ ቢሮ መጣሁ። ጸሐፊዋ ማኅደሬን አገላብጣ ያዘጋጀችው፣ ክቡርነትዎም የፈረሙበት ደብዳቤ ታሽጎ ተሰጠኝና እንደ ታሸገ ለክንዱ ሰጠሁት። በሽማግሌዎች ፊት ከፍቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፤

«ሠራተኛው አቶ ይሄይስ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ በመውሰድ ላይ በመሆናቸው፣ ከነበሩበት የጤና ሁኔታ በከፍተኛ ደረጃ አገግመው በአሁኑ ጊዜ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛሉ።»

የታንጉት እናት አለቀሱ። ይጠራጠሩ የነበሩትም እርግጠኛ ሆኑ። እንዲታረምልኝ ወደ ክቡርነትዎ ብመለስ፣ ጥር ላይ ጤነኛ መጋቢት ላይም ጤነኛ ከተባለ ግብረ ኃይሉ ምን ሠራ ሊባል ነው ብለው ጠየቁኝ። እውነትዎን ነው፤ እኔም ይህንኑ ነበር ጥር ላይ የጠየቅሁት። በግድግዳዎ ላይ በተለጠፈው ሰንጠረዥ አርባ ሦስታችንም ጥር ላይ ሕመምተኞች እንደ ነበርን አየሁ። በእኔ ስም አንጻር «ከባድ» ይላል። ያነበብሁትም ኩንታል ተሸክሜ በመስኮትዎ በኩል ሳልፍ ነው።

ቀጥሎ ላለው ነገር ቁጥር አልሰጠሁትም፤ በክቡርነትዎ ላይ የሚቀርብ ቅሬታ አይደለምና። ባለፈው ማክሰኞ ታንጉት ራሷ ከጅጋ መጣች። ለማንም ሳትናገር እህል ካመጡት ገበሬዎች መካከል ቆማ፣ ተራዬን ጠብቄ ክኒኔን ስውጥ፣ ለቡድን መሪዬም ምላሴን ሳነሣ አየችኝ። ሰልፉ ሲበተን ጠጋ ብላ እንዲህ አለችኝ፤ «ታመውስ ቢሆን አስታምምዎ ነበር፤ ማስታመሙን ኸሟቹ ጋር ለምጀዋለሁ። ሳያምዎ፣ አለቃ አዘዘኝ ብለው ጧት ጧት አፍዎን የሚከፍቱ ሰው ግን ምን ላርግዎት? ነገ ደግሞ እሷን ፍታት ቢልዎትሳ?» ይህን ብላኝ በመጣችበት ባጃጅ ተመለሰች። ከሃምሳ በላይ ክኒን ስውጥ አንዱም ጉሮሮዬን አልያዘኝም፤ ይህ ንግግር ግን እስካሁን አልወረደልኝም። ምክንያቱም ልክ ናት። ጥቅም እንደሌለው ከናጂሃ ሰምቼ፣ ከሚዛኑ አይቼ፣ ከቡሬ አረጋግጬ እያለ የዋጥሁት ስለ ፈራሁ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከረቡዕ ጀምሮ በሰልፉ ላይ እገኛለሁ፤ ሰዓት አከብራለሁ፤ ሰላምታ እሰጣለሁ፤ አፌን ግን አልከፍትም። ከክቡርነትዎ የምለምነው፣ ከሕመምተኞች ሰንጠረዥ ስሜ እንዲሰረዝልኝና ሳልታመም መዳኔ ተነሥቶ እንደ ቀድሞው ጤነኛ ሆኜ እንድቆይ ነው። የእኔ ድርሻ የሆነውም ብልቃጥ ሐኪም ላዘዘለት ሰው እንዲሰጥልኝ እጠይቃለሁ።

ለሠራተኛው ጤና ሲሉ የሠራተኛውን ጤንነት እንኳ ለመሠዋት ወደ ኋላ የማይሉት ክቡርነትዎ፣ በቀጣዩ ሥልጠና ምን ይዘውልን እንደሚመጡ በታላቅ ፍርሃትና አክብሮት የምጠባበቅ፣

እጅ ነሺዎ፣
ይሄይስ፣ የሚዛን ሠራተኛ
(ቀድሞ «ከባድ»፣ አሁን «በመልካም ሁኔታ ላይ»)

ግልባጭ፤
ለመጋዘኑ በር
ለእህተ ማርያምና ለጠያቂዎቼ ሁሉ
ለወይዘሮ ታንጉት፣ ጅጋ

ከፊርማዬ በኋላ የታከለ፤ ሦስት ቀን ባለመዋጤ የስንብት ደብዳቤ እየተዘጋጀልኝ መሆኑን ሰምቻለሁ። እባክዎ አይዘግዩብኝ። አደራ የምልዎ ምክንያቱን ብቻ ነው፤ «ምንም ሕመም ሳይኖርበት መድኃኒት አልውጥም በማለቱ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍልኝ፣ ማኅተሙም ፊርማዎን እንዳይሸፍነው። ክንዱ ከእርስዎ ማኅተም በቀር ሌላ ማስረጃ አልቀበልም ብሏል፤ ታንጉትም አፌን መዝጋቴን ሰምታ፣ የሠርጋችንን ጠላ ጌሾ ወቅጣ የምትጠብቀው ይህችኑ ወረቀት ነው።